ከሐረጎ መልስ፦ ከከባድ አደጋ በኋላ ለአንድ የአምቡላንስ ጣቢያ ሠራተኞች የተደረገ ድጋፍ

ስለ ጉዳዩ

ይህ ጽሑፍ ደሴ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የአምቡላንስ ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች ከአንድ ከባድ የመኪና አደጋ በኋላ በነበሩት ስድስት ወራት ምን እንደ ደረሰባቸው፣ ምን እንደ ተደረገላቸው፣ የቱ እንደ ሠራና የቱ እንዳልሠራ ይመዘግባል። የሰዎቹና የተቋሙ ስም፣ የአደጋው ቀንና የሟቾች ቁጥር ሆን ተብሎ ቀርቷል። ደሴ ሰው ለሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ አንድ ፍንጭ ከተሰጠ የቀረውን ሰው ራሱ ይሞላዋል።

ጉዳዩ እንዲጻፍ ያስፈለገው አደጋው ከሌሎቹ የከፋ ስለ ነበረ አይደለም። ሠራተኞቹን የጎዳቸው ያዩት ነገር ብቻ እንዳልነበረ ስለ ታየ ነው። የሟች ስልክ ሲጮኽ ማን እንደሚያነሳ፣ በደም የተበከለውን መኪና ማን እንደሚያጥብ፣ ከሌሊት ሥራ በኋላ ማን ከማን ጋር ወደ ቤት እንደሚሄድ የተወሰነ ነገር አልነበረም። ከጉዳቱ ትልቁ ድርሻ የመጣው ከዚህ ነው። ይህ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቅ ነገር ነው።

ጣቢያውና መንገዱ

ጣቢያው ሁለት ላንድክሩዘር አምቡላንሶች አሉት። በጊዜው አምስት ሹፌሮች፣ አምስት ነርሶች፣ ሁለት ጥሪ ተቀባዮችና አንድ አስተባባሪ ነበሩት፤ አራት በጎ ፈቃደኛ ወጣቶችም በቃሬዛና በመጀመሪያ እርዳታ ያግዙ ነበር። ፈረቃው 24 ሰዓት ሥራ፣ 24 ሰዓት ዕረፍት ነው። ዕረፍት የተባለው ቀን ግን ብዙ ጊዜ የታመመ ወይም ለቅሶ የሄደ ባልደረባን በመተካት ያልፍ ነበር።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ መንገዱ ሐረጎ በሚባለው ቁልቁለት በኩል እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ የማይታይበት ጊዜ አለ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይዞ ሳይሆን ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ የጭነት መኪና ደግሞ ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይላል። የጣቢያው ሹፌሮች ይህን መንገድ ጠምዛዛ በጠምዛዛ ያውቁታል።

ከ17ቱ ሰዎች አብዛኞቹ በጦርነቱ ጊዜም በዚሁ ሥራ ላይ ነበሩ። በ2013 ክረምት ከሰሜን የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ሳለ ሕሙማኑን ያመላልሱ ነበር። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ገሚሶቹ ራሳቸው ልጆቻቸውን ይዘው ተሰደዋል። ተመልሰው ሥራ ሲጀምሩ ስላለፈው ነገር የጠየቃቸው አልነበረም። የኋላው አደጋ የመጣው ባልሻረ ቁስል ላይ ነው።

አደጋው

በአንድ የነሐሴ ምሽት፣ ከባድ ጉም ባለበት፣ ሐረጎን ይወርድ የነበረ ጭነት የያዘ መኪና ወደ ደሴ ከሚወጣ ሚኒባስ ጋር ተጋጨ። የጥሪ መዝገቡ እንደሚለው ጥሪው የደረሰው ከምሽቱ 2፡10 ነው። የመጀመሪያው አምቡላንስ 2፡14 ተነሥቶ 2፡48 ደረሰ። ሁለት ሹፌሮች፣ ሦስት ነርሶችና ሁለት በጎ ፈቃደኞች ቦታው ላይ ሠሩ።

ከዚያ ምሽት ሦስት ነገሮች ለኋላው ጉዳይ ወሳኝ ናቸው።

አንደኛ፣ ጥሪ ተቀባዩ ሚኒባሱ ውስጥ ከተቀረቀረ አንድ ተሳፋሪ ጋር በስልክ ቆይቷል። «እየመጡ ነው፣ አብሽር፣ ደረሱ» ይለው ነበር። አምቡላንሱ ከመድረሱ በፊት የተሳፋሪው ድምፅ ጠፋ።

ሁለተኛ፣ አስከሬኖቹ በመንገዱ ዳር ተሸፍነው ሳለ ስልኮቻቸው ይጮኹ ነበር። አንዲት ወጣት ነርስ ደጋግሞ የሚጮኽ አንድ ስልክ አነሣች። በስክሪኑ ላይ «እማዬ» ይላል። ምን እንደምትል ስላላወቀች «ደህና ነው፤ ስልኩን ረስቶት ነው» ብላ ዘጋች።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ መኪኖች ጣቢያ የገቡት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። ያጠቧቸውም ከአደጋው የተመለሱት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፣ በባትሪ ብርሃን። 11 ሰዓት ላይ ከገራዶ የምጥ ጥሪ መጣ፤ የሄዱትም እነዚያው ናቸው። ማንም ምግብ አልቀመሰም።

የመጀመሪያው ወር፦ በቅንነት የተሠሩ ስሕተቶች

በአራተኛው ቀን ሁሉም ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ክብ ሠርተው ተቀመጡና እያንዳንዱ «በጣም የከበደህን ነገር ተናገር» ተባለ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አደጋው ቦታ ያልነበሩት አሥር ሰዎች ያላዩትን ነገር በዝርዝር ሰምተው ወጡ። አስተባባሪው አብሮ ተቀምጦ ስለ ነበር «አልቻልኩም» ለማለት የደፈረ አልነበረም። አንዱ በመካከል «ትንሽ ቀድመን ብንደርስ ኖሮ» አለ፤ የመጀመሪያውን መኪና የነዳው ሹፌር ተነሥቶ ወጣ፣ ለሁለት ሳምንትም ከባልደረቦቹ ጋር ቡና አልጠጣም።

እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ የጋራ ማስተንፈሻ በብዙ አገር ተሞክሯል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ ከአደጋ በኋላ አንድ ጊዜ የሚደረግ እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ ድኅረ-አደጋ የጭንቀት ሕመምን እንደማይከላከል፣ አንዳንዱንም ሊያባብስ እንደሚችል አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ-ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም ሰው ያየውን እንዲተርክ መገፋት እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል። የሰው ልብ በቀጠሮ አይከፈትም፤ በአለቃ ፊት ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም።

ሁለተኛው ስሕተት መድኃኒት ነው። የመጀመሪያውን መኪና የነዳው ሹፌር እንቅልፍ አጥቶ ሲቸገር አንድ የሚያውቀው ሰው ዳያዚፓም የተባለውን የማረጋጊያ መድኃኒት ሰጠው። በመጀመሪያው ወር ለጭንቀትም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣት ይህን የመድኃኒት ዓይነት መስጠት አይመከርም፤ ልማድ ይሆናል፣ ማገገምንም አያፋጥንም። በዚህ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነበር። ሌሊት ለመንቃት ጫት ይቅማል፣ ምርቃናውን ሰብሮ ለመተኛት ጨብሲ ወጥቶ አልኮል ይጠጣል። ዳያዚፓም ከአልኮል ጋር ሲገናኝ አተነፋፈስን ሊያዳክም ይችላል፤ በማግሥቱ መሪ የሚይዝ ሰው ላይ ያለውን ጉዳት ማስረዳት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ በሦስተኛው ሳምንት አስተባባሪው «ካልለመደው አይለቀውም» ብሎ ሹፌሩን በምሽት ወደ ኮምቦልቻ ላከው። ሹፌሩ መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ መሪው ላይ ተደፋ። በሽተኛ ስላልያዘ ነው የተረፈው።

ነርሷ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራዋን አላጓደለችም፤ ሁሉም «ጠንካራ ናት» ይል ነበር። የስልኳን ድምፅ ግን አጥፍታዋለች፣ የእናቷንም ጥሪ አታነሣም ነበር። ጥሪ ተቀባዩን ደግሞ የጠየቀው ሰው የለም። ምክንያቱም «እሱ ቦታው ላይ አልነበረም።»

እንደ ገና ሲጀመር

በአምስተኛው ሳምንት አንድ የአእምሮ ጤና ነርስና አንድ የጤና መኮንን ጣቢያውን እንዲያግዙ ተጠየቁ። መጀመሪያ ያደረጉት የጋራ ስብሰባ ማስቀረት ነው። ቀጥሎ ሠራተኞቹ በድብቅ ወረቀት «የልብህን ብትነግረው የማያወራው ማን ነው?» ተብለው አንድ ሰው እንዲጽፉ ተደረገ። ብዙ ድምፅ ያገኙት አንዲት ነርስና አንድ አዛውንት ሹፌር ናቸው። ሁለቱም አለቃ አይደሉም። ለሁለት ቀን ሠለጠኑ፤ ሥልጠናውም ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት በሚሉት ሦስት ሥራዎች ላይ ብቻ ነበር። ምክር መስጠት አልተማሩም፤ እንዲያውም ከሥልጠናው ትልቁ ክፍል ምክር ከመስጠት መታቀብ ነበር። «አብሽር» እና «አይዞህ» ደግ ቃላት ናቸው፤ ቶሎ ሲነገሩ ግን የሰውየውን አፍ ይዘጋሉ። ስለዚህ ሁለቱ ደጋፊዎች «አብሽር» ከማለታቸው በፊት ቢያንስ ሦስት ጥያቄ መጠየቅን ደንብ አደረጉ።

ጥያቄዎቹ «ምን ተሰማህ?» አይሉም። እዚህ አገር ሰው ለዚህ ጥያቄ «ደህና፣ ይመስገን» ነው የሚለው። የሚጠየቀው እንዲህ ነው፦ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ስንት ሰዓት ላይ ትነቃለህ? ምግብ ይገባልሃል? ቤት ስትገባ ማን ይጠብቅሃል? ከልጆች ጋር እንዴት ነህ? ከዚያ ሥራ ወዲህ ያቆምከው ነገር አለ? መልሱም ስሜት ሆኖ አይመጣም፤ «ራሴን ይወጋኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ይከብደኛል»፣ «ሰው አስጠላኝ» ሆኖ ነው የሚመጣው። ደጋፊዎቹ እነዚህን ቃላት እንደ አካል ሕመም ብቻ ሳያልፏቸው ማስታወሻ እንዲይዙ ተደረገ፤ ማስታወሻውም ስም የለውም፣ ከጣቢያውም አይወጣም።

ንግግሩ የሚደረገው ጠዋት፣ ጣቢያው አጠገብ ባለች ቡና ቤት፣ ሁለት ለሁለት ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ከከባድ ጥሪ በኋላ በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ፣ በ30ኛው ቀን ሌላ ጊዜ ይደረጋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት መደንገጥ፣ መቃዠት፣ ምግብ ማጣት የጤናማ ሰው ምላሽ ነው፤ አብዛኛው ሰው በራሱና በቤተሰቡ ይወጣዋል። ከአንድ ወር በላይ ሲቆይና ሥራን ወይም ቤትን ሲያውክ ነው ወደ ሕክምና መላክ የሚያስፈልገው።

በዚህም ላይ ሃያ የአዎ ወይም የአይ ጥያቄዎች ያሉት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ተጨመረ፤ ያለፉትን 30 ቀናት ይጠይቃል። መጀመሪያ ወረቀቱ በአስተባባሪው በኩል ታድሎ ተሰበሰበ። ሁሉም ማለት ይቻላል «አይ» ብለው መለሱት። «አበደ ተብዬ ከመሪ ብወርድስ?» የሚል ፍርሃት ነው። በድጋሚ ሲሞላ የአእምሮ ጤና ነርሱ ለየብቻ በር ዘግቶ እያነበበ፣ ስም ሳይጽፍ፣ ውጤቱ ለአስተባባሪው እንደማይደርስ ቀድሞ ተናግሮ ጠየቀ። ያን ጊዜ አራት ሰዎች ስምንትና ከዚያ በላይ «አዎ» አሉ። የጣቢያው ስምምነት ስምንት የደረሰ ለሐኪም እንዲታይ፣ 17ኛው ጥያቄ ላይ «አዎ» ያለ ደግሞ ድምሩ ምንም ይሁን በዚያው ቀን እንዲታይ ነበር። 17ኛው ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቀው ነው።

ጥሪ ተቀባዩ

17ኛው ላይ «አዎ» ያለው እሱ ነው። ነርሱ አልደነገጠም፣ አልገሠጸም፤ ሐሳቡ መቼ እንደሚመጣና የታሰበ ነገር መኖሩን በቀጥታ ጠየቀው። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፤ ሰውየው ለብቻው የተሸከመውን እንዲያወርድ ያግዘዋል። ያን ቀን ብቻውን አልተተወም። በፈቃዱ ወንድሙ ተጠራ፣ ሦስቱም አብረው ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄዱ፣ ማታም ወንድሙ ጋር አደረ። ለሦስት ወር በቋሚነት ታከመ።

እሱ የተጎዳው በመስማት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር የምርመራ መመሪያ፣ በሥራ ምክንያት ለአሰቃቂ ነገሮች ዝርዝር ተደጋግሞ መጋለጥን ለድኅረ-አደጋ የጭንቀት ሕመም ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ያስቀምጣል። ጥሪ ተቀባይ ደግሞ የጀመረውን ነገር መጨረሻ አያይም፤ ድምፅ ይሰማል፣ ስልክ ይዘጋል፣ ሌላ ስልክ ይነሣል። ጣቢያው አሁን ለዚህ ቀላል ነገር ያደርጋል፦ ቡድኑ ሲመለስ የመጀመሪያው ሥራ ጥሪ ተቀባዩ ዘንድ ገብቶ የሆነውን በአጭሩ መንገር ነው፤ ከዚያ ጥሪ በኋላም ለ20 ደቂቃ ሌላ ሰው ስልኩን ይይዛል።

የሟች ስልክና የመርዶ ነገር

ነርሷ በሦስተኛው ንግግር ላይ ነው የተናገረችው። «ሞቶ ሳለ ደህና ነው አልኳት» አለች። ያሳመማት ደሙ አልነበረም፤ አንዲት እናት በእሷ ቃል ተጽናንታ ማደሯ፣ በማግሥቱም መርዶ መስማቷ ነው። ይህ ከፍርሃት ይልቅ የኅሊና ቁስል ነው፤ በእንቅልፍ ኪኒንም በዕረፍትም አይሽርም።

በባህላችን መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይነጋ፣ ውሃና ደጋፊ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ነርሷ እውነቱን ለመናገር ሥልጣንም ቦታም አልነበራትም፤ መዋሸት ደግሞ ጎዳት። የተበላሸው የእሷ ጠባይ ሳይሆን አሠራሩ ነው። አሠራሩ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተነጋግሮ እንዲህ ተወሰነ።

የሟች ስልክ አይነሣም፣ ድምፁም አይጠፋም፤ በዚፕ የሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ይገባል። በላስቲኩ ላይ በነጭ ፕላስተር የአስከሬኑ ቁጥር ይጻፋል፣ ቦታው ላይ ላለው ፖሊስ በፊርማ ይሰጣል። ነርሶች አስከሬንና ስልክ አንድ ላይ አይዙም። ቤተሰብ የማግኘቱ ሥራ የፖሊስ ነው፤ ፖሊሱም ከተቻለ ለእናት ወይም ለሚስት ሳይሆን ለሩቅ ዘመድ ወይም ለጎረቤት ይደውላል፣ የተቀረውን ሽማግሌዎች ያውቁበታል።

በሕይወት ያለ ተጎጂ ስልክ ግን ይነሣል፣ ቃሉም አንድ ነው፦ «የአምቡላንስ ሠራተኛ ነኝ። የስልኩ ባለቤት አደጋ ደርሶበታል፣ ወደ ሆስፒታል እየወሰድነው ነው። አንድ ሰው ይዘው ይምጡ።» «ይድናል ወይ?» ሲባል «ሐኪሞቹ እዚያ ይነግሩዎታል» ይባላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ በሁለቱም መኪኖች ጣሪያ ላይ ተለጥፏል። በጭንቅ ሰዓት ሰው ቃል ስለሚያጣ ቃሉ አስቀድሞ መገኘት አለበት።

ነርሷ የሟቹ ቤት ሄዳ ለቅሶ መድረስ ፈለገች። ድጋፍ ሰጪዎቹ እዚህ ላይ አመነቱ፤ ቤተሰቡ እንዴት እንደሚቀበላት አይታወቅም። መጨረሻ ላይ አንድ የሠፈር ሽማግሌ ቤተሰቡን ጠየቁላት፤ ቤተሰቡም ፈቀደ። ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ሄዳ ተቀመጠች፣ «ያጽናችሁ» ብላ ወጣች። ስለ ስልኩ አልተናገረችም፣ እናትየውም አልጠየቋትም። ከዚያ በኋላ የራሷን እናት ስልክ ማንሣት ጀምራለች። ሁሉም ሰው እንዲህ ያድርግ አይባልም፤ ለእሷ ግን በአዳራሽ ተቀምጦ ከመናገር ይልቅ ይህ ነው የቀለላት።

መኪናውን ማጠብ

ከአደጋ የተመለሰ ቡድን ያንኑ መኪና አያጥብም። ለዚህ አንድ የጽዳት ሠራተኛ በእያንዳንዱ እጥበት ክፍያ ተመደበ። ወፍራም ጓንት፣ ቦቲ ጫማና የፕላስቲክ ሽርጥ ተሰጠው። ደሙ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀቃል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያረጋዋል። ቀጥሎ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ 1 እጁ በ9 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስበታል፣ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። የቃሬዛው ብረት በደንብ ካልተለቀለቀ በረኪናው ይበላዋል። በሮቹ ሁሉ ተከፍተው ነው የሚሠራው፤ በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል የሚመርዝ ጋዝ ያወጣል።

መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ተረስቶ ነበር። ሸክሙ ከነርሶቹ ትከሻ ወርዶ የጽዳት ሠራተኛው ላይ መጫኑ አልታሰበም። ከሁለት ወር በኋላ መሥራት እንደማይችል ሲናገር ነው የተገነዘቡት። አሁን መኪናው ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ቀድሞ ይነገረዋል፣ ብቻውን አያጥብም፣ የሦስት ቀኑና የ30 ቀኑ ንግግርም ለእሱም ይደረጋል።

ለተመለሰው ቡድን ደግሞ ጣቢያው ውስጥ አንድ ሣጥን ተዘጋጀ፦ ቅያሪ ቲሸርትና ሱሪ በሦስት ልክ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ ፎጣ፣ የታሸገ ውሃ፣ ብስኩትና ቴምር። ልብሱን ሳይቀይር ቤት የሚገባ ሰው የአደጋውን ሽታ ወደ ልጆቹ ይዞ ይገባል። ሁለቱ ሹፌሮች ልጆቻቸውን ከማቀፍ ሲሸሹ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሹፌሩ ወደ ሐረጎ የተመለሰበት መንገድ

ሹፌሩ በሆስፒታሉ ድኅረ-አደጋ የጭንቀት ሕመም እንዳለበት ተረጋገጠ። ጸበልም ዱዓም በቤተሰቡ ዘንድ ቦታ አላቸው፤ የሚያክመው ባለሙያ አልተቃወመም፣ ቀጠሮውን እንዳያቋርጥ ብቻ አስማማው። ዳያዚፓሙ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ቆመ፤ በአንድ ጊዜ ማቆም ራሱ ጉዳት አለው። ጫቱን ጨርሶ አልተወም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ላለመቃምና ጨብሲን ለማቆም ተስማማ። ጨብሲው ሲቀር እንቅልፉ መጀመሪያ ባሰበት፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን ተሻለው።

«ዘገየህ» የሚለው ወሬ ሕመሙን ያጠነክረው ነበር። ስለዚህ ከስሜት ንግግሩ በተለየ ቀን፣ በሌላ ሰው መሪነት፣ የጥሪ መዝገቡ ከእሱ ጋር ተነበበ። በዚያ ጉም 34 ደቂቃ ለምን እንደ ፈጀ በሰዓት በሰዓት ታየ። ከዚህ በኋላ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» ማለቱን ጨርሶ አልተወም፣ የሚለው ግን እየቀነሰ ሄደ።

ወደ መንገዱ የተመለሰው ከጥቅምት ጀምሮ በደረጃ ነው። ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 እየለካ ይናገራል፤ አንዱ ደረጃ ላይ ፍርሃቱ በግማሽ ሳይወርድ ወደ ቀጣዩ አይሄድም፣ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለም አይሸሽም።

በቀን፣ ተሳፋሪ ሆኖ፣ በሕዝብ ሚኒባስ ደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ፤ ሦስት ጊዜ።
የጣቢያውን መኪና ያለ ጥሪ፣ በቀን፣ አዛውንቱን ሹፌር አጠገቡ አስቀምጦ መንዳት።
አደጋው የደረሰበት ቦታ መኪና አቁሞ ወርዶ መቆየት። የመጀመሪያው ቀን 9 ብሎ ጀምሮ ከ40 ደቂቃ በኋላ 4 ደረሰ። ከሁሉም የከበደው፣ ከሁሉም ይበልጥም የጠቀመው ይህ ነው።
የቀን ጥሪ፤ ቀጥሎ ጥርት ባለ ሌሊት የሚመጣ ጥሪ።
ጉም ውስጥ መንዳት። ይህ እስከ በልግ ጉም፣ እስከ የካቲት ድረስ ቆየ።

በመካከሉ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ በኅዳር አንድ አይሱዙ ከፊቱ በድንገት ሲያቆም። ለሁለት ሳምንት ወደ ሁለተኛው ደረጃ ወርዶ እንደ ገና ወጣ።

ያልተሳካው

ፈረቃውን ወደ 12 ሰዓት ለማውረድ ተሞክሮ በአምስተኛው ሳምንት ፈረሰ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ፈረቃ የሚለውጥ ሰው ታክሲ አያገኝም፤ የሹፌር ቁጥርም አይበቃም። በምትኩ 24 ሰዓቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከሌሊቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው አራት ሰዓት የማይነካ እንቅልፍ ተመደበ፤ በዚያ ሰዓት የሚቀሰቀሰው ሁለቱም መኪኖች ሲወጡ ብቻ ነው። ጥሩ መፍትሔ አይደለም፣ ከነበረው ግን ይሻላል።

ወደ ሆስፒታሉ መላክም አስቸጋሪ ነበር። ሠራተኞቹ በሽተኛ ይዘው በየቀኑ የሚገቡበት ግቢ ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ደጅ ወረፋ ይዘው መታየት አልፈለጉም። ሁለቱ መጀመሪያ ከበር ተመልሰዋል። የቀኑ የመጨረሻ ቀጠሮ ለእነሱ ከተያዘ በኋላ ነው መሄድ የጀመሩት።

የበጎ ፈቃደኞቹ ነገር እስካሁን ይከነክናል። ደሞዝ የላቸውም፣ የሕክምና ወጪያቸውን የሚሸፍን የለም፣ ሲቀሩም «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቅ አሠራር አልነበረም። ከአደጋው ቦታ ከነበሩት ሁለቱ አንዱ በሁለተኛው ወር ጠፋ። ሲፈለግ ከተማውን ለቆ ሄዷል።

ከስድስት ወር በኋላ

ወደ ሕክምና ከተላኩት አራት ሰዎች ሦስቱ በሥራ ላይ ናቸው፤ አንድ ነርስ በፈቃዷ ወደ ጤና ጣቢያ ተዛውራለች። ሹፌሩ ሐረጎን ቀንም ሌሊትም ይነዳል፤ በዝናብ ሌሊት አሁንም ይቃዣል። ጥሪ ተቀባዩ ወደ ስልኩ ተመልሷል፣ የሌሊት ፈረቃውን ግን በሳምንት ከአንድ ወደማያልፍ ዝቅ አድርጓል። የቀሩት ከባልደረባ ንግግር ያለፈ ድጋፍ አላስፈለጋቸውም።

ለሌላ ጣቢያ የሚሆኑ ነጥቦች

ይህን ሥራ ለመጀመር ባለሙያ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። የስልኩ ደንብ፣ የእጥበቱ ደንብና ሣጥኑ በአንድ ሳምንት ሊጀመሩ ይችላሉ። ባለሙያ የሚያስፈልገው ለሕክምናና ሁለቱን የባልደረባ ደጋፊዎች ለማሠልጠን ነው፤ ደጋፊዎቹም በየወሩ እሱ ዘንድ ተቀምጠው የሰሙትን የሚያወርዱበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ ካልሆነ እነሱ ይወድቃሉ።

ደጋፊውን ሠራተኛው ይምረጠው። አለቃ የመረጠው ሰው የአለቃ ጆሮ ተደርጎ ይታያል። የሥራ ግምገማና የስሜት ንግግር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው አይደረጉ። መጠይቅ በወረቀት አይታደል፣ በቃል ይጠየቅ።

በዝምታ የሚሠራውን ሰው መጀመሪያ ጠይቁ። በዚህ ጣቢያ ሹፌሩ ሁሉም ስላየው እርዳታ አገኘ፤ ነርሷና ጥሪ ተቀባዩ ግን ሥራቸውን ስላላጓደሉ ከወር በላይ ማንም አላያቸውም። በሚጠየቁት ሰዎች ስም ዝርዝር ላይ ስልክ የሚያነሣው፣ መኪና የሚያጥበው፣ አስከሬን የሚያወርደው ዘበኛ ሁሉ ይግቡ።

የትዳር ጓደኞችን ማግኘት ተገቢ ነው። ጣቢያው አንድ እሑድ ጠርቷቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ባል ወይም ሚስታቸው «ጠባዩ ተለወጠ» ብለው ከሥራው ጋር ሳያያይዙት ወራት ቆይተዋል።

የጥሪ መዝገቡ ላይ ደግሞ አንድ አምድ ተጨምሯል። ከሰዓቱ፣ ከኪሎ ሜትሩና ከነዳጁ ቀጥሎ «ወደ ቤት የሸኘው» ይላል። ከከባድ ጥሪ የተመለሰ ሰው ማን እንደ ሸኘው እዚያ ይጻፋል። አምዱ ባዶ ሆኖ ካደረ አስተባባሪው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ራሱ ይደውላል።